ውርንጭላዋ ቡሊትና አስጠኚው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ ልጁን እኩል ትምህርት ቤት በሚልክበት ዘመን፣ ቡሊት የምትባል አንዲት ውርንጭላ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት እምቢ አላት።

እስከ ስድስተኛ ድረስ ደህና ነበረች። ጎበዝ ባትባልም ሰነፍ ያላት አልነበረም። ሰባተኛ በገባች በሁለተኛው ወር ግን፣ ምን እንደነካት ሳይታወቅ፣ ዝም አለች። መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ጆሮዋን ወደኋላ አጥፋ ትቀመጣለች። የሒሳብ አስተማሪው ቲቸር ዝንጀሮ ጥያቄ ሲጠይቅ እርሳስ የወደቀባት መስላ ዴስክ ስር ትገባለች። ጥያቄው ሌላ ተማሪ ላይ ሲያርፍ ትወጣለች።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲሰጥ ከሃምሳ ሁለት ተማሪ ሃምሳ አንደኛ ወጣች። ሃምሳ ሁለተኛዋ ኤሊ ነበረች፤ እሷም ቢሆን በፈተናው ቀን ገና መንገድ ላይ ስለነበረች ነው።

«ስንት አመጣሽ?» አለቻት እናቷ። እናት አህያ ማንበብ አትችልም፤ ካርዱን የምትሰማው ከልጇ አፍ ነው።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሠላሳ ስምንት? ብዙ ነው እኮ።»

«ከመቶ ነው እማዬ።»

እናት አህያ ዝም አለች። ከዚያ ዝም አላለችም።

«የጥንቸሏ ልጅ ምን በልታ ነው አንደኛ የምትወጣው? እሷም ሁለት ጆሮ ነው ያላት፣ አንቺም ሁለት ጆሮ ነው ያለሽ። እንዲያውም ያንቺ አይበልጥም? ምን ጎደለብሽ? ውሃ ቅጂ አልኩሽ? እንጨት ልቀሚ አልኩሽ?»

ቡሊት መሬት መሬት ታያለች።

እናትየው የተቆጣችው ጨካኝ ሆና አይደለም። ፈርታ ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አያ አንበሶ ያወጣው ደንብ አለ፤ የዓመቱ አማካይ ከሃምሳ በታች የሆነ ተማሪ ከትምህርት ቤት ይወጣና ወላጁ የሚሠራውን ሥራ ይጀምራል። የድመት ልጅ ብትወጣ አይጥ ታሳድዳለች፤ እሱም ጨዋታ ነው። የአህያ ልጅ ከወጣች ግን የሚጠብቃት ጭነት ነው። እናት አህያ ጭነት ምን እንደሆነ ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከገበያ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ገበያ ተመላልሳ፣ ጀርባዋ ላይ ፀጉር የማይበቅልበት ቦታ አለ። ልጇ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ማየት አትፈልግም።

ታዲያ ምን ታድርግ? የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ሸክም ሲደጋገም ይለመዳል። ስለዚህ ጨመረችበት። ከጎረቤት መጽሐፍ ተዋሰች። ቅዳሜ መጫወት ቀረ። ቡሊት ጠዋት ታነባለች፣ ከሰዓት ታነባለች። ዓይኗ ከመስመር መስመር ይሄዳል፤ ጭንቅላቷ ውስጥ የሚገባ ግን የለም።

በዚህ መሀል እመት ቀበሮ መጣች። ቀበሮ ደላላ ናት። ቤት ለፈለገ ቤት፣ ሚስት ለፈለገ ሚስት ታገናኛለች፤ ቤቱ ሲያፈስ፣ ሚስቲቱ ስትኮበልል እሷ የለችም።

«እታለም፣ ሰማሁ። ልጅቷ እምቢ አለች አሉ።»

«ከማን ሰማሽ?»

«መጥፎ ካርድ እኮ ይሸታል። በአጥር በኩል ሳልፍ ሸተተኝ።» አጠገቧ ተቀመጠች። «አስጠኚ ነው የሚያስፈልጋት። ደግሞ ለስላሳ አስጠኚ እንዳትቀጥሪ። ልጅ ካልፈራ አይማርም። የሚያስፈራ አስጠኚ አለኝ።»

«ማነው?»

«አያ ጅቦ።»

የእናት አህያ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጅብ? ለልጄ?»

«የድሮውን ጅብ መሰለሽ እንዴ? ይሄኛው ከሩቅ አገር የመጣ የተማረ ነው። ሥጋም ትቷል። ጎመን ነው የሚበላው።»

«ጅብ ጎመን?»

«ለጤናው ነው» አለች ቀበሮ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እናት አህያ በእርግጫ ትመልሳት ነበር። ግን የፈራ ወላጅ እንኳን የጅብን፣ የጉድጓድንም ምክር ይሰማል። «እስቲ ይምጣ» አለች።

ጅቡ በማግስቱ ከሰዓት መጣ። ገና ከመግባቱ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ የሚለውን መቼም ታውቃላችሁ። ግን በአህያ ቤት ቁርበት ከየት ይመጣል? ባዶ ጆንያ ተነጠፈለት። ጆንያው ላይ የአህያ ላብ ስለነበረበት ተቀምጦ ሲልሰው ቆየ።

«አንብቢ» አላት ቡሊትን፣ እሱም አንድ መጽሐፍ አንስቶ ከፈተ።

ቡሊት ማንበብ ጀመረች። ጅቡ ግን የሚያየው መጽሐፉን ሳይሆን ጭኗን ነው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ወፈር ያለ ነው።»

«ምኑ?»

«መጽሐፉ። አንብቢ።»

ቡሊት ቀና ስትል ጅቡ የያዘው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለችው ዶሮ በጭንቅላቷ ቆማለች። እግሯ ወደ ሰማይ ነው። መጽሐፉ ተገልብጧል።

ቡሊት አየች። ግን አልተናገረችም። «ሠላሳ ስምንት ያመጣ ተማሪ አስጠኚ ያርማል እንዴ?» ብላ አሰበች። «ምናልባት በጣም የተማሩት ከታች ወደ ላይ ይሆናል የሚያነቡት። እኔ ነኝ የማላውቀው።» ዝም ብላ አነበበች።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት ሄደ። ስትሳሳት ጅቡ ጥርሱን ያሳያታል፤ ጥርሱን ስታይ የምታውቀውም ይጠፋባታል። በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ የሒሳብ ቴስት ተፈተነች። ከሃያ ጥያቄ አራት አመጣች።

እናት አህያ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ጅቡና ቀበሮዋ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ችግሩ ቤቱ ነው» አለ ጅቡ፤ ቀበሮ ያስጠናችውን ነው የሚናገረው። «እናት ያለችበት ቤት ልጅ አይማርም። አዳሪ ትሁን። ዋሻዬ ሰፊ ነው።»

«ሌላ ተማሪ አለህ?»

«ብዙ ነበሩ።»

«የት ሄዱ?»

«አለቁ» አለ ጅቡ።

ቀበሮ በክርኗ ጎሸመችው። «ትምህርታቸውን ጨረሱ ማለቱ ነው እታለም። ተመርቀው ነው።»

እናት አህያ ልጇን አየች። ቡሊት እንደለመደችው መሬት ታያለች። እናትየው ዓይኗ ላይ የመጣው የጭነቱ መንገድ ነው፤ ዳገቱ፣ ዱላው፣ ዝናቡ። ከዚያስ አዳሪ ይሻላል አለች። «እሺ። እሁድ ጠዋት ውሰዳት።»

እሁድ ጠዋት ጅቡና ቀበሮዋ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ይጠብቃሉ። ጅቡ ቁርስ አልበላም፤ ሆዱን ለምሳ ባዶ አድርጎ ነው የመጣው። ውስጥ እናት አህያ የቡሊትን መጽሐፎች በሁለት ከረጢት ከትታ ጀርባዋ ላይ ልትጭንላት ተነሳች።

በጭነት ሥራ አንድ ደንብ አለ። ማንም ከመጫኑ በፊት ጀርባው ይዳሰሳል። ሲነኩት ቆዳው ከተንቀጠቀጠ የሆነ ቦታ ላይ ቁስል አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጭነቱ ወርዶ ቁስሉ ይፈለጋል። ይህንን ሳያደርግ የጫነ አህያውን መንገድ ላይ ይቀብራል። እናት አህያ ይህንን ደንብ ለእህል ነው የምታውቀው፤ ለመጽሐፍ ይሠራል ብላ አስባ አታውቅም። አሁን ግን ከረጢቱ እውነተኛ ጭነት ስለሆነ፣ በልማድ፣ አፍንጫዋን ወደ ልጇ ጀርባ ወሰደች።

ቡሊት ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ተንቀጠቀጠች።

እናትየው ከረጢቱን መሬት አስቀመጠች። ፀጉሯን ገለጥ ገለጥ እያደረገች ፈለገች። ምንም የለም። ሌላ ቦታ ነካቻት። አሁንም ተንቀጠቀጠች።

«የቱ ጋ ነው?»

«እዚያ አይደለም።»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ከውጪ ጅቡ «ረፈደ እኮ» ይላል።

«ይርፈድ» አለች እናት አህያ፣ ልጇ አጠገብ ተንበረከከች። «ቁስሉን ሳላይ አልጭንም። ንገሪኝ።»

ቡሊት አንዴ ጀመረችና ተወች። እንደገና ጀመረች።

«ጥቅምት ላይ ነው። ቲቸር ዝንጀሮ ክፍልፋይ እያስተማረን ነበር። አልገባኝም። እጄን አወጣሁና ጠየቅሁ። ስጠይቅ ድምፄ ተሰበረ። አናፋሁ። ሳላስበው ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፍየል ለአንድ ሳምንት እኔን ሲያይ ያናፋ ነበር። ቲቸርም ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቲቸር ምን እንደሚል አይሰማኝም። ጆሮዬ የሚጠብቀው ስሜ እንዳይጠራ ብቻ ነው።»

እናት አህያ ረጅም ተነፈሰች። «ጥያቄው ምን ነበር?»

ቡሊት ቀና ብላ አየቻት። ይህንን የጠየቃት ማንም አልነበረም።

«ስምንት ከአራት ይበልጣል አይደል? ታዲያ አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ለምን ያንሳል? ይሄ ነው።»

«እኔ ፊደል አላውቅም ልጄ» አለች እናቷ። «ደብተርሽን አይቼ ምን እንደምጠይቅሽ ስለማላውቅ ነው የምጮኸው። ክፍልፋይ የምትይውን አላውቀውም።» ትንሽ አሰበች። «ግን የሚጫን አንድ ጆንያ እህል አለ እንበል። ወይ ለአራት አህያ ይካፈላል፣ ወይ ለስምንት። አንቺ ከየትኞቹ ጋ መሆን ትመርጫለሽ?»

«ከስምንቱ ጋ።»

«ለምን?»

«ይቀለኛላ። ለስምንት ሲካፈል ለኔ የሚደርሰኝ ያንሳል...» ቡሊት አቆመች። ጆሮዋ ከስንት ወር በኋላ ብድግ አለ። «እማዬ፣ ይሄ ነው እኮ።»

«ምኑ?»

«ስምንተኛው። የሚያንሰው ለዚህ ነው። ተካፋዩ ሲበዛ ድርሻው ያንሳል።»

«እኔ የተናገርኩት ስለ ጆንያ ነው» አለች እናቷ።

«እኔም ስለሱ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቡሊት ድፍረቱ ሳይጠፋባት ቶሎ ብላ፣ «ሌላም ነገር አለ። አያ ጅቦ መጽሐፉን ገልብጦ ነው የሚይዘው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።» እዚህ ላይ ድምፅዋ አልተሰበረም።

እናትና ልጅ ወደ አጥሩ ወጡ። ከረጢቱ አልተጫነም፤ ቡሊት አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዛለች። እናቷ ትከሻ ለትከሻ ቆማላታለች።

«አያ ጅቦ» አለች ቡሊት፣ «ከመሄዳችን በፊት አንዲት ገጽ ያንብቡልን።»

«እዚያ ሲደርስ ያነብልሻል» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ።

ጅቡ ግን ኩራት ያዘው። «አሁንስ ባነብ ምን ገዶኝ» ብሎ መጽሐፉን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ያዘው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ምዕራፍ አንድ። ሥጋ። ሥጋ ጥሩ ነው። ምዕራፍ ሁለት። አጥንት።» ቆመ። «ይቀጥላል እንጂ ረጅም ነው።»

«ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል ምንድነው?» አለች ቡሊት።

ጅቡ ሽፋኑን ወደ ራሱ ዞር አድርጎ አየ። «ዶሮ።»

«እግሯ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

«ለምን ወደ ላይ ሆነ?»

ጅቡ በጣም አሰበ። «ሞታ ነዋ» አለ፤ ለሃጩም ዶሮዋ ላይ ጠብ አለ።

«ሞታ አይደለም። ገልብጠው ይዘዋት ነው። አያ ጅቦ፣ እርስዎ ማንበብ አይችሉም።»

ጅቡ ወደ ቀበሮ ዞረ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ ከፍተህ ያዘው ብቻ፣ እሁድ ትበላታለህ ያልሽኝ?»

ቀበሮ ግን እዚያ አልነበረችም። ገና «ዶሮ» ሲባል ነው የሄደችው።

ጅቡ ቆም ብሎ የተናገረውን መልሶ ሲሰማው ነገሩ እንደተበላሸ ገባው። ያም ሆኖ ለባዶ ሆዱ ሲል አንድ እርምጃ ወደ ቡሊት ተራመደ። እናት አህያ ፊቷን አዞረች፤ የአህያ ፊት ሲዞር ምን እንደሚመጣ ለማያውቅ ጅብ ደግሞ ያን ቀን ማወቂያው ሆነ። በእርግጫዋ ሁለት ጥርሱን እዚያው ጥሎ ሄደ። እስከ ዛሬም ድረስ በዚያ ሰፈር ቁርበት አንጥፉልኝ ብሎ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት እናት አህያ ወላጅ ሳይጠራ ትምህርት ቤት ሄደች። ቲቸር ዝንጀሮ በር ላይ አገኛት።

«ልጄ ጥያቄ ስትጠይቅ ስቀዋል አሉ» አለችው።

«እኔ?» አለ ዝንጀሮ። ጭንቅላቱን አከከ። «ትንሽ ነው።»

«እርስዎ ትንሽ ሲስቁ ክፍሉ ብዙ ይስቃል።»

«ልክ ነሽ» አለ ዝንጀሮ።

ያን ቀን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ መቶኛ ነበር። ቡሊት መሀል ላይ ጠፋባት። እርሳሷን ልትጥል ፈለገች። አልጣለችውም። ሰኮናዋን አወጣች። ሃምሳ አንድ አንገት ወደ እሷ ዞረ።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ አልገባኝም። ይድገሙልኝ።»

ፍየል አናፋ። ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ቡሊት ግን ሰኮናዋን አላወረደችም። ፍየል እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ጨረስክ?» አለችው። «የኔን ያህል አታስረዝመውም፣ ተለማመድ። እሺ ቲቸር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው ያልገባኝ።»

አሁን ክፍሉ የሳቀው በፍየል ነው። ዝንጀሮ ግን አልሳቀም። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ከሁለተኛው መስመር ጀመረ። ሲጨርስ አንደኛ የምትወጣው ጥንቸል ቀስ ብላ፣ «ለኔም አሁን ነው የገባኝ» አለች።

ቡሊት ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንዴ ጎበዝ ሆነች ብላችሁ እንዳታስቡ። ቀጣዩ ቴስት ላይ ከሃያው ጥያቄ ስምንት አመጣች። ከዚያ አሥራ ሁለት። ከዚያ ደግሞ ወደ ሰባት ወረደች፤ ያን ቀን እናቷ ልትጮህ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የምትጠይቀው «ስንት አመጣሽ» መሆኑ ቀርቶ «ዛሬ ያልገባሽ ምንድነው» ሆነ። አንዳንዴ ትመልስላታለች። አብዛኛውን ጊዜ መልሱን አታውቀውም፤ ቡሊት ያልገባትን ለእናቷ ለማስረዳት ስትታገል ግን ለራሷ ይገባታል። ቅዳሜም ጨዋታ ተመለሰ። መጨረሻው ወንበር ላይ ኤሊ ብቻዋን ቀረች፤ ቡሊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ገባች። ሰኮናዋን ባወጣች ቁጥር አሁንም ትፈራለች። እየፈራች ታወጣዋለች።

ሰኔ ላይ አያ አንበሶ ካርድ ለመስጠት ወላጆችን ሰበሰበ። ስም እየጠራ ያነባል። ከሃምሳ በታች የሆነውን በግራ፣ ከሃምሳ በላይ የሆነውን በቀኝ ያቆማል። የቡሊት ሠላሳ ስምንት ገና አለ፤ ካርድ ላይ የተጻፈ አይፋቅም። ሃምሳ እንዲሆን ሁለተኛው ሴሚስተር ቢያንስ ስድሳ ሁለት መሆን አለበት። ቡሊት ይህንን አስልታዋለች። እናቷ አላሰላችም፤ ግን የልጇን ጆሮ እያየች ነው።

«ቡሊት» አለ አንበሳው። ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። «ሁለተኛ ሴሚስተር፣ ስድሳ ሦስት። የዓመቱ አማካይ፣ ሃምሳ ነጥብ አምስት።» ከወረቀቱ በላይ አያት። «በጣም ጠባብ በር ነው ያለፍሽው።»

«አዎ ጋሼ» አለች ቡሊት። «ግን አልፌዋለሁ።»

አንበሳው ጢሙ ስር የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ ሳቅ ይመስላል። ወደ ቀኝ ጠቆማት።

ወደ ቤት ሲሄዱ እናት አህያ አንዴ ቆማ አፍንጫዋን በልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈች፤ ቆዳዋ ዝም ብሏል። መንገድ ቀጠሉ።

«ስምንተኛ ክፍል ይከብዳል?» አለች እናቷ።

«ይከብዳል አሉ።»

«ትፈሪያለሽ?»

«አዎ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች እናት አህያ። «መስከረም ላይ ምን ምን እንደሚያስፈራ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ» አለች ቡሊት፣ እና ከእናቷ ቀድማ ዳገቱን መውጣት ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ በትምህርቷ ወደ ኋላ ስትቀር ሸክም ከመጨመርና ጥርሱን የሚያሳይ ከመቅጠር በፊት ቁጭ ብሎ የቱ ጋ እንደሚያማት መጠየቅ እንደሚቀድም፣ ልጅም ብትሆን እየፈራች መናገር እንደምትችል ነው።